ዘነበወርቅ፦ ከሚሲዮን ሆስፒታል እስከ ሕፃናት ፕሮጀክት

ዘነበወርቅ በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በጅማ መንገድ በኩል የሚገኝ ሰፈር ነው። የሰፈሩ ሕይወት ከ1920ዎቹ (ዓ.ም.) ጀምሮ ሚሲዮናውያን ካቋቋሙት የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ጋር የተሳሰረ ነው። ሆስፒታሉ ስሙን ያገኘው በወጣትነታቸው ካረፉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ሲሆን፣ ዛሬ የሚጠራው አለርት በሚለው ስም ነው። በሆስፒታሉ ዙሪያ የሰፈሩ ቤተሰቦችን ልጆች ማስተማር፣ ማሳከምና መመገብ ከዚያ ዘመን ወዲህ ልዩ ልዩ የክርስቲያን ድርጅቶች ሲፈራረቁበት የኖሩት ሥራ ነው።

ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተለየ ተቋም ማቆም በኢትዮጵያ የተጀመረው በአዲስ አበባ አይደለም። የካቶሊክ ካፑቺን ሚሲዮናውያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሐረር ከተማ ማከሚያ ከፍተው ነበር። የአዲስ አበባው ሥራ ከአሜሪካዊው ሐኪም ከዶክተር ቶማስ ላምቢ ጋር ይያያዛል። ላምቢ አስቀድመው በሱዳን፣ ቀጥሎም በወለጋ ሳዮ ለፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን የሠሩ ሲሆን፣ በራስ ተፈሪ ፈቃድ በጉለሌ ሆስፒታል አቋቁመዋል። በ1920 ዓ.ም. በእርሳቸው መሪነት ወደ አገሪቱ የገባው ቡድን የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የኢትዮጵያ ሥራ መነሻ ሆነ። የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉም በዚህ ሚሲዮን እጅና በአሜሪካ የሥጋ ደዌ ሚሲዮን የገንዘብ ድጋፍ፣ ያኔ ከከተማው ውጭ በነበረ ቦታ ላይ ተሠራ። በጣልያን ወረራ ዘመን ሚሲዮናውያኑ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ከነጻነት በኋላ ግን ሆስፒታሉ ሥራውን ቀጠለ፤ ተመልሶ የመጣው ሚሲዮንም በሻሸመኔ ሌላ የሥጋ ደዌ ማከሚያ ከፈተ።

ሰፈሩ የተመሠረተው በመንግሥት ዕቅድ ሳይሆን በሕሙማኑ መገለል ነው። ከትውልድ ቀያቸው በእግርም በመኪናም ተጉዘው የመጡ ሕሙማን ሕክምናቸውን ከጨረሱ በኋላ ወደ አገራቸው ለመመለስ አልደፈሩም። ብዙዎቹን የትዳር ጓደኛ ፈቷቸዋል፣ ከእርሻ መሬታቸው ተነቅለዋል፣ ዘመድም አብሯቸው ማዕድ መቅረብ ፈርቷል። ስለዚህ በሆስፒታሉ አጥር ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ እርስ በርሳቸው ተጋብተው፣ ልጅ ወልደው ቀሩ። መተዳደሪያቸውም ልመና፣ የቀን ሥራና የእጅ ሥራ ሆነ። በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) የከተማው ቆሻሻ በአቅራቢያው መጣል ሲጀምር ደግሞ ቆሼ በተባለው የቆሻሻ ክምር ላይ ፕላስቲክ፣ ብረታ ብረትና የተጣለ ምግብ መልቀም ተጨመረበት።

የልጆቹን ሁኔታ ለመረዳት የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ኖርዌያዊው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አግኝቶታል። በሽታው ከእናት ማሕፀን አይወረስም፤ በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላትም አይያዝም። የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር፣ ይበልጡንም ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጡ ፍንጣቂዎች እንደሆነ ይታመናል። አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ስለሚቋቋመው አይታመምም። ምልክቱ ከተያዙ በኋላ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ምክንያት በሕፃን ልጅ ላይ በሽታው መታየቱ በአካባቢው መተላለፉ እንዳልቆመ የሚያሳይ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል። የሕሙማን ልጆች ግን በብዛት ጤነኞች ናቸው፤ እነርሱን የጎዳቸው ከበሽታው ይልቅ ወላጆቻቸው የወረዱበት ድህነትና «የዘር ነው» የሚለው እምነት ነው።

በሌሎች አገሮች ለዚህ የተሰጠው መልስ አንዳንዴ ልጅን ከወላጅ መለየት ነበር። በሃዋይ ካላውፓፓ በግዞት የነበሩ ሕሙማን የወለዷቸው ሕፃናት ከእናቶቻቸው ይወሰዱ ነበር። በዘነበወርቅ ቤተሰቡ አብሮ ኖረ፤ ስለዚህ ልጁን መርዳት መላውን ቤተሰብ ከመርዳት ሊነጠል አልቻለም።

ሆስፒታሉ በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በአጭሩ አለርት ሆነ። መሥራቾቹ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ማገገሚያ ማኅበር፣ የአሜሪካ ሥጋ ደዌ ሚሲዮንና መቀመጫው በለንደን የነበረው የሥጋ ደዌ ሚሲዮን ነበሩ። ማዕከሉ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ባለሙያዎችን አሠለጠነ፤ የታጠፉ ጣቶችን በጅማት ዝውውር የሚያቃና ቀዶ ሕክምና አከናወነ፤ ለደነዘዘ እግር የሚስማማ ጫማ በራሱ ወርክሾፕ ሠራ። በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዚያው ግቢ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ደግሞ በስዊድንና በኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅቶች የተመሠረተ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በመድኃኒት ነው። ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ባክቴሪያው እየተላመደው መሄዱ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ በተካሄዱ ጥናቶችም ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 (እ.ኤ.አ.) ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን በጥምረት እንዲሰጡ መከረ። ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወስዳል፤ ለሕፃናት የተመጠነ እሽግ ተዘጋጅቶለታል፤ በነጻም ይሰጣል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ በሽታውን ማስተላለፉን ያቆማል። ይሁን እንጂ ሥጋ ደዌ ከኢትዮጵያ ጨርሶ አልጠፋም፤ በ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በየዓመቱ ከ3,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይመዘገቡ ነበር። አለርትም በጤና ሚኒስቴር ሥር ሆኖ የቆዳ፣ የዓይን፣ የድንገተኛ አደጋና ሌሎች አገልግሎቶች የሚሰጥ አጠቃላይ ሆስፒታል ሆኗል።

ሕክምናው ወደ መንግሥት ሲዞር፣ የክርስቲያን ድርጅቶች ትኩረት ወደ ልጆቹ አዘነበለ። በአዲስ አበባ ድሃ ሰፈሮች በስፋት የሚታወቀው አሠራር ልጅን ከውጭ አገር ስፖንሰር ጋር የሚያገናኘው ነው። ለምሳሌ በ1952 (እ.ኤ.አ.) ለኮሪያ ጦርነት ወላጅ አልባ ልጆች የተጀመረው ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል በ1993 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ሥራውን በአገር ውስጥ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በኩል ያካሂዳል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በአካባቢው በኑሮ የተቸገሩ ቤተሰቦችን ትለያለች፤ የልጁ ፎቶግራፍና መረጃ ለስፖንሰሩ ይላካል፤ ስፖንሰሩ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል። በሰፈሩ «ፕሮጀክት» እየተባለ የሚጠራው ማዕከል ልጁን ያስጠናል፣ የጤና ምርመራ ያስደርግለታል፣ የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጠዋል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምረዋል። ልጁ ለስፖንሰሩ የሚጽፈውን ደብዳቤ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሠሩት ኢትዮጵያውያን መምህራን፣ ማኅበራዊ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከውጭ የሚመጡ የአጭር ጊዜ የሚሲዮን ቡድኖች በዚህ ሥርዓት ላይ የሚደረቡ ናቸው። አባላቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የተውጣጡና ወጪያቸውን በራሳቸው ወይም በምእመናን መዋጮ የሸፈኑ ሲሆኑ፣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቆያሉ። ከልጆች ጋር ይዘምራሉ፣ ይጫወታሉ፣ የጤና ምርመራ ያደርጋሉ፣ ክፍል ይቀባሉ ወይም ያድሳሉ። ጥቅማቸው በተለይ ገንዘብና ቁሳቁስ በማሰባሰብ፣ በአገር ውስጥ ያልተሟላ ሙያ በማምጣትና ቤተሰቦቹን ከዘላቂ ደጋፊ ጋር በማስተዋወቅ ይታያል። ድክመታቸው ደግሞ ከቆይታቸው ማጠር ይመነጫል፦ ልጁ የለመደው ሰው ቶሎ ይለየዋል፣ የተጀመረ ሕክምና ክትትል ያጣል፣ የአካባቢው ሠራተኛ ሊሠራው የሚችለው ሥራ በእንግዳ ይያዛል፣ የልጆች ፎቶግራፍም ያለ ወላጅ ፈቃድ ይሰራጫል። በዚህ የተነሳ ጥንቃቄ የሚያደርጉ ቡድኖች ፕሮግራማቸውን ተቀባዩ ተቋም እንዲያወጣው ይተዋሉ።

ቀድሞ ከውጭ ደጋፊዎች ጋር ከሚደረገው ግንኙነት ጎን ለጎን ይሄድ የነበረው የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ተከልክሏል። ከዚያ ወዲህ የሚሲዮን ድጋፍ የሚያተኩረው ልጁ በቤተሰቡ ወይም በአገሩ አሳዳጊ ዘንድ እንዲያድግ በመርዳት ላይ ነው። የእናቶች የቁጠባ ቡድን፣ የጥልፍና የሽመና ሥራ፣ የቀን ምገባና የትምህርት ክፍያ ሽፋን የዚህ መንገድ ዋና ዋና መሣሪያዎች ናቸው። ከሥጋ ደዌ ያገገሙ ሰዎች ያቋቋሙት ብሔራዊ ማኅበርም ቤተሰቦቹ ስለራሳቸው ጉዳይ ራሳቸው እንዲናገሩ መድረክ ሆኗል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ከነቤታቸው ተቀበሩ። መንግሥት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የከተማው ነዋሪዎች ለተረፉት ምግብ፣ አልባሳትና ገንዘብ አሰባሰቡ። አደጋው ለልጆቹ የሚሰጠው አገልግሎት ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄም ግልጽ አድርጎታል። ትምህርት፣ ምግብና ሕክምና በሚሲዮንና በቤተ ክርስቲያን በኩል ሊቀርቡ ይችላሉ፤ የመኖሪያ ቦታ፣ የመሬት ይዞታና የደረቅ ቆሻሻ አወጋገድ ግን የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ናቸው።