አሠልጣኝና የቡድን አጨዋወት

በሜዳችን ዳር ቆሞ የቅርጫት ኳስ የሚመለከት ሰው ቡድኑ በተሸነፈ ጊዜ ወይ ተጫዋቹን ወይ ዳኛውን ይወቅሳል። አሠልጣኙ የሚታወሰው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ጩኸቱ ካልተሰማ ሥራውን እንዳልሠራ ይቈጠርበታል። እኔም እስከ አምና ድረስ ከነዚሁ ተመልካቾች አንዱ ስለ ነበርሁ፥ የአሠልጣኝ ዘዴ በቡድኑ አጨዋወት ላይ እንዴት እንደሚታይ የተረዳሁትን ያህል ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ጨዋታውን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ፥ ብርድ ከቤት ያስቀራቸውን ተማሪዎች ለማጫወት ሲል ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ አሰቀለ። የሚያስገርመው ግን እርሱ ራሱ ጨዋታው አሠልጣኝ ያሻዋል ብሎ እምብዛም አያምንም ነበር። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድኑን በመራባቸው ዓመታት 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸንፏል። ተማሪው ፎግ አለን ግን አሠልጣኝነት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን አሳየ፤ ይኸው ዩኒቨርሲቲ በ1952 የአገሩ ሻምፒዮን የሆነው በአለን መሪነት ነው።

እንግዲህ አሠልጣኝ ለቡድኑ የሚሰጠው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ምክር ነው እንላለን። እኔ ግን ልማድ ነው ባይ ነኝ። ጨዋታው ሲፋፋም ማንም ሰው ቆሞ ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ እጁና እግሩ የሚሠሩት በልምምድ ሲደጋገም የኖረውን ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን በሎስ አንጀለስ የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የነበረው ጆን ውድን ነው። ይህ ሰው ከ1964 እስከ 1975 ባለው ጊዜ አሥር ጊዜ የአገሩን ሻምፒዮንነት አግኝቷል። በዓመቱ የመጀመሪያ ልምምድ ቀን ለተጫዋቾቹ የሚያስተምረው ካልሲ እንዴት እንደሚጠለቅና የጫማ ክር እንዴት እንደሚታሰር ነበር፤ የተሸበሸበ ካልሲ እግርን ያቈስላል፥ እግሩ የቈሰለ ደግሞ አይሮጥምና። የ1964 ዓ.ም. ቡድኑ ረጅም ሰው አልነበረውም፤ ከቋሚዎቹ አምስት ከ2 ሜትር በላይ የሆነ አልተገኘም። ስለዚህ ነጥብ ካገቡ በኋላ ወደ ራሳቸው ቅርጫት በማፈግፈግ ፈንታ፥ ባላጋራው ኳሱን ከጀርባ መስመር ሲያስገባ እዚያው ይከቡት ጀመር። ኳሱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሜዳውን አጋማሽ ካላለፈ ለሌላው ወገን ስለሚሰጥ፥ የተከበበው ይቸኩላል፤ ሲቸኩልም ያበላሻል። በዚያ ዓመት 30 ጊዜ ተጫውተው ሁሉንም አሸነፉ።

ጥቂት ቈይቶ ግን 2 ሜትር ከ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፥ በኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለ ወጣት በመጣለት ጊዜ፥ ያው ውድን ማጥቃቱን ሁሉ በቅርጫቱ ሥር በሚቆመው በዚህ ልጅ ዙሪያ አደራጀው። በ1967፥ በ1968ና በ1969ም አሸነፈ። ዘዴውን ከልጆቹ ቁመት ጋራ ማስማማቱን ልብ ይሏል።

የአሠልጣኝ ዘዴ አንዳንድ ጊዜ ሕግ እስከ ማስለወጥ ይደርሳል። የሰሜን ካሮላይናው ዲን ስሚዝ ቡድኑ በነጥብ ሲመራ አራት ሰዎች በአራቱ ማዕዘን አቁሞ ኳሱን እያቀባበለ ጊዜውን ይፈጅ ነበር። ተመልካች ተሰላቸ፤ የሌሎችም እንዲህ ያለ አጨዋወት ተጨምሮበት የአሜሪካ ኮሌጆች በ1985 ለአንድ ማጥቃት የ45 ሰከንድ ገደብ አወጡ። (እኛ ሜዳ ላይ ሰዓት ስለሌለ ስሚዝ እኛ ዘንድ ቢመጣ ኖሮ እስኪመሽ ድረስ ባቀባበለን!)

ከአገራችን የሚጠቀሰው በእግር ኳስ ነው። በ1954 ዓ.ም. በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት የተመራው ብሔራዊ ቡድን ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ ከግብጽ ጋራ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲጫወት ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም 4 ለ 2 አሸነፈ። የአሥመራ ተወላጆቹ ወንድማማቾች ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊሱ ከመንግሥቱ ወርቁ ጋራ በአንድ ልብ መጫወታቸው በአንድ ቀን የተገኘ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ይፋግ ልመለስ። ሜዳችን ዋልካ አፈር ነው፤ በበጋ ሲሰነጣጠቅ መሬት ላይ ያነጠሩት ኳስ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። አምና አሠልጣኝ ስላልነበረን፥ በገና ጨዋታ ሩሯን እንደምናሳድድ ሁሉ አምስታችንም ኳሱ ወዳለበት እንሮጥ ነበር። ዘንድሮ አንድ መምህራችን ቡድኑን ተረከቡና ሁለት ሳምንት ሙሉ ኳስ መሬት እንዳናስነካ ከለከሉን፤ ማቀበል ብቻ። ከዚያም በኋላ ከሁለት ጊዜ በላይ ያነጠረ ይወጣል አሉ። እኔ በማንጠር የምታወቅ ስለ ነበርሁ ትእዛዙን ለኔ የወጣ አድርጌ ቈጠርሁት፤ አልታዘዝም ብዬም ከተቀያሪዎች ጋራ ተቀመጥሁ።

ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋራ በተጫወትን ዕለት፥ ሁለት ደቂቃ ሲቀር በአንድ ነጥብ እየተመራን ነበር። ባላጋራዎቻችን ከበቡን። መምህራችን እጃቸውን አጣጥፈው ዝም አሉ። እኔ ከተቀመጥሁበት «አንጥረህ እለፍ!» ብዬ ጮኽሁ፤ የሰማኝ አልነበረም። ኳሱ በሦስት ሰው እጅ አልፎ፥ መሬት ሳይነካ፥ ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ለቆመው አጭር ልጅ ደረሰ። በአንድ ነጥብ አሸነፍን። ጓደኞቼ ሲተቃቀፉ ደስታዬ ግማሽ ነበር፤ መደበቅ አልችልም።

ወደ ቤት ስንመለስ መምህሩን «የኔታ፥ በዚያ ሰዓት ስለ ምን ዝም አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የምናገረውን በጥቅምት ተናግሬ ጨርሻለሁ አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ገባሁ፤ በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ አንጥሬ አስወጡኝ።