ያውቁ ኖሯል? ወተት የሚያስማማን የአንዲት ፊደል ለውጥ ነው

በሞያሌ፣ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም፣ የላምና የግመል ወተት የዕለት ምግብ ነው። በጭስ ከታጠነው ዕቃ ሲቀዳ ሽታው ቀድሞ ያውዳል።

• የወተትን ስኳር (ላክቶስን) የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ጡት ከጣልን በኋላ ግን በአብዛኛው የሰው ልጅ ዘንድ ምርቱ ይቀንሳል።

• የላክቴዝ ዘረ-መል ማብሪያ ከዘረ-መሉ 14,000 ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ርቆ፣ ኤምሲኤም6 በተባለ ጎረቤት ዘረ-መል ውስጥ ተቀምጧል።

• ፒኦዩ2ኤፍ1 የተባለው ዘረ-መል ኦክት-1 የተሰኘ ፕሮቲን ያስገኛል። ይህ ፕሮቲን ዲኤንኤ ላይ አርፎ የዘረ-መል መልእክት ወደ አርኤንኤ እንዲገለበጥ ያግዛል። በአዋቂነትም ላክቴዝ እንዲመረት የምታደርገው፣ በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመደችው የአንዲት ፊደል ለውጥ ኦክት-1 ማብሪያውን አጥብቆ እንዲይዝ እንደምታደርግ በቤተ ሙከራ ታይቷል።

• በ2007 (እ.ኤ.አ.) ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቻቸው በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሱዳን ሕዝቦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በዚያው ማብሪያ ላይ ሌሎች ሦስት ለውጦችን ይፋ አደረጉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ በኢትዮጵያም ይገኛሉ።

ከብት አርቢ አያቶቻችን ከመንጋው ጋር ይህንንም ውርስ ትተውልናል፤ ሲወርድ ሲዋረድ እኛ ዘንድ የደረሰ፣ ከአንዲት ፊደል የማይበልጥ ታላቅ ስጦታ ነው።