ዋጋ ይተመንልን ስንል

ረመዳን ሊገባ ሲል በየቤታችን የሚነሣው ወሬ ያው ነው። ዘይት ስንት ገባ? ዱቄትስ? ቴምርስ? ሳምቡሳ ያለ ዘይት አይሆንም። ከዚያ አንዱ ጣልቃ ይገባና «መንግሥት ለምን ዋጋ አይተምንም?» ይላል።

ይህ ጥያቄ በመዲናም ተነሥቶ ነበር። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ዋጋ በናረ ጊዜ ሰዎች ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) ተመን እንዲያወጡላቸው ጠየቋቸው። እርሳቸው ግን አልተመኑም። የዋጋ መውጣትና መውረድ በአላህ እጅ መሆኑን ነግረው፣ በማንም ሕይወትም ሆነ ገንዘብ ላይ በደል ሳይፈጽሙ ጌታቸው ፊት መቅረብን እንደሚሹ ገለጹ። ገንዘብ ሲባል እዚህ ላይ ንብረትን ሁሉ ያጠቃልላል። የነጋዴው እህል የነጋዴው ነው፤ በግድ ከዋጋው በታች ማሸጥ በደል ሊሆን ይችላል።

ይህን ሐዲስ ይዘው «እንግዲያው ገበያው ይለቀቅ» የሚሉ አሉ። እኛ አንቸኩል፤ እኚሁ ነቢይ ገበያ ሲገቡ ያደረጉትን እንይ። አንድ ጊዜ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲሰዱ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ሻጩ ዝናብ ነው ያረጠበው አላቸው። ገዢ እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይነትንም አጥብቀው አወገዙ። ዋጋ እንዲንር እህል የሚያከማችን ኃጢአተኛ ብለዋል። ገበያ ያልደረሰን ባለ ግመል መንገድ ላይ ጠብቆ፣ የከተማውን ዋጋ ሳያውቅ መግዛትንም ከልክለዋል። ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ ለተባለች ሴት የገበያ ኃላፊነት ሰጥተው እንደነበር ይተረካል። የሚዛን ነገርማ በቁርኣን ራሱን የቻለ ሱራ አለው፤ አል-ሙጠፊፊን።

ኋላ ኢብን ተይሚያ ስለ ገበያ ቁጥጥር ሲጽፉ ጉዳዩን ለይተው አስቀመጡት። ዋጋው የናረው ዕቃ ስላነሰ ወይም ፈላጊ ስለበዛ ከሆነ ሻጭን በተመን ማስገደድ በደል ነው። ሰው ተቸግሮ ሳለ ባለ እህሉ ያለ ልክ ካላስከፈልኩ አልሸጥም ካለ ግን መንግሥት በተገቢው ዋጋ እንዲሸጥ ሊያስገድደው ይችላል።

በአገራችን የሆነውን አብዛኞቻችን እናስታውሳለን። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በ17 ያህል ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ፤ ሥጋ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ዘይት ሳይቀር። ዓላማው ደሃውን ለመታደግ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ። ነጋዴው ካመጣበት ዋጋ በታች ሽጥ ሲባል ማምጣቱን ተወ፤ ያለውም የሚሸጠው ከጓሮ ሆነ። ጣሪያው በጥቂት ወራት ውስጥ ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሣ። ስኳር ፍለጋ የተሰለፈች እናት ተመኑ ምን እንደጠቀማት ብትጠየቅ ምን ትል ይሆን?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ አዘዘ፤ ሸቀጥ መደበቅንም ከለከለ። ይህኛው መንገድ ወደ መዲናው ይቀርባል ብለን እናምናለን። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ዋጋ ያልለጠፈው ሱቅ ሲታለፍ፣ ለጥፎ በሐቅ የሚሸጠው ሲታሸግ ገበያው ማንን ያምናል?

ወደ ጓዳችን ስንመለስ፣ በሻዕባን መጨረሻ ዘይት በጄሪካን የምናስገባ ቤተሰቦች «ይህም ክምችት ነው ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ ለቤት ቀለብ ማስቀመጥ ከተከለከለው ክምችት አይቆጠርም። ዕቃ በጠፋበት ሳምንት ሽሚያ ገብቶ የጎረቤትን ድርሻ ጭምር መጫንን ግን ዐሊሞች ለይተው ያዩታል፤ ገበያው እስኪረጋጋ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ መግዛት ይሻላል።