ስለ ቁጠባና ብድር ማኅበራት ሕግ፤ የዋግ ባላገር ገንዘብ ዋስ የሚያገኘው እንዴት ነው

የሰቆጣ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው። ነጋዴው ከአፋር በረሃ ጨው እየጫነ ወደ ዋግ ደጋ ሲያወጣ፥ አሞሌው በዚህ ገበያ እንደ ገንዘብ ተቈጥሮ ወደ ላስታም ወደ ጐንደርም ይሻገር ነበር። ገንዘብ ባለበት ብድር አይጠፋምና፥ አበዳሪና ተበዳሪም በዚያው ነበሩ። ስለዚህ የዋግ ሰው ስለ ብድር ሲነገረው አዲስ ነገር የሚሰማ አይደለም። አዲስ የሆነለት ተበዳሪው ራሱ አበዳሪ የሚሆንበት፥ ጐረቤታሞች ጥቂት በጥቂት ባስቀመጡት ገንዘብ እርስ በርሳቸው የሚበዳደሩበት የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።

ይህ ዐይነት ማኅበር ከዕቁብ ጋራ ዘመድ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ አይደለም። ዕቁብ ዙሩ ሲያልቅ ይበተናል፤ ገንዘቡም በአንድ ቦታ አያድርም። የቁጠባና ብድር ማኅበር ግን በሕግ ተመዝግቦ የሰውነት መብት ያገኘ፥ የአባሉን ገንዘብ ለብዙ ዓመት በዐደራ የሚይዝ ነው። ጭንቀቱም የሚመጣው ከዚሁ ከዐደራው ነው።

በጀርመን አገር ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ራይፋይዘን የተባለ የወረዳ ሹም፥ ገበሬው በአራጣ አበዳሪ እጅ ሲጠፋ አይቶ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1864 ዓ.ም. በሄዴስዶርፍ የብድር ማኅበር አቋቋመ። በኢትዮጵያም በዚያው በፈረንጅ 1964 ዓ.ም. ይኸውም ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፥ የአየር መንገድ ሠራተኞች የመጀመሪያውን የቁጠባና ብድር ማኅበር እንደ መሠረቱ ይነገራል። ሕጉ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው፤ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ዐዋጅ ቁጥር 241 በፈረንጅ የ1966 ዓ.ም. ነውና። ከዚያም ዐዋጅ ቁጥር 138/1970፥ ቀጥሎም ዐዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጣ። በመጨረሻም ዐዋጅ ቁጥር 985/2009 በነጋሪት ጋዜጣ ታተመ። መንግሥት በተለወጠ ቍጥር የማኅበራቱም ሕግ አብሮ ሲለወጥ መኖሩ ከዚህ ይታያል።

ለካህናት ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት አራጣን ያወግዛል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በግለሰብ መካከል ያለ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣ አበዳሪን ይቀጣል። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ እንደማይረጋገጥ ይናገራል። ያን ጊዜ 500 ብር ጥንድ በሬ ገዝቶ የሚተርፍ ነበር፤ በዛሬ ገበያ ግን ለአንድ በግ እንኳ አይበቃም። ሕግ አውጪዎች በብር ቍጥር የጻፉት ነገር እንዴት ቶሎ እንደሚያረጅ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይህንም ቀጥሎ ስለሚነገረው መድን ማሰብ ይገባል።

በ2013 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ቁጥር 482 የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቋመ። ባንክ ወይም አነስተኛ የፋይናንስ ተቋም ቢወድቅ ለአስቀማጩ እስከ 100,000 ብር ድረስ የሚከፍል ፈንድ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን በዚያ ደንብ ውስጥ አልተካተተም። እንግዲህ በሰቆጣ ከተማ ያለው ነጋዴ ገንዘቡን በባንክ ቢያኖር መድን አለው፤ በዝቋላ ወይም በጋዝጊብላ ያለው ባላገር ፍየል ሸጦ ያገኘውን ከጐረቤቶቹ ጋራ ቢያኖር መድን የለውም። አነስተኛ ገንዘብ ያለው ሰው ያለ ዋስ፥ ብዙ ያለው በዋስ የሚኖርበት ሥርዓት ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ምክንያት አላጣም። ባንኮችንና አነስተኛ ፋይናንሶችን የሚቈጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ማኅበራቱን ግን የሚመዘግብ፥ የሚያደራጅ፥ ሒሳባቸውንም የሚመረምር የኅብረት ሥራው መሥሪያ ቤት ነው። አደራጁና መርማሪው አንድ ሲሆን፥ ያደራጀውን ማኅበር ጥፋት ለመግለጥ እጁ መያዙ አይቀርም። ይህ የሰዎቹ ክፋት አይደለም፤ የሥራው አከፋፈል ነው። የኬንያ መንግሥት በፈረንጅ 2008 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ተቀማጭ የሚሰበስቡትን ማኅበራት የሚቈጣጠር ራሱን የቻለ ባለሥልጣን አቋቁሟል። በአሜሪካም ለእነዚህ ማኅበራት በ1934 ዓ.ም. ሕግ ቢወጣላቸው፥ የአባሎቻቸው ተቀማጭ በመንግሥት መድን የተጠበቀው ከ36 ዓመት በኋላ በ1970 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱም በፈረንጅ አቈጣጠር።

የዋግ ኽምራ ነገር ግን ከእነዚህ አገሮች የተለየ ችግር አለበት፤ ይህም ሕግ አውጪው በብርቱ ሊያስብበት የሚገባው ነው። በከተማ ያለ ማኅበር አባሎቹ መምህርና ሐኪም፥ ሾፌርና ጸሓፊ ናቸው፤ አንዱ ሲጐድልበት ሌላው ደመወዙን ይቀበላል። በዳህና ወይም በአበርገሌ ያለ ማኅበር ግን አባሎቹ ሁሉ የሚኖሩት በአንድ ዝናም ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናም ሲቀር የተበደረው ሁሉ በአንድ ጊዜ መክፈል ያቅተዋል፤ ያስቀመጠውም ሁሉ በዚያው ሳምንት እህል ለመግዛት ገንዘቡን ይጠይቃል። ገንዘብ ያዡ ታማኝ፥ መዝገቡም ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. የዋግ ሰው ወደ ኮረም በተሰደደ ጊዜ የሆነው፥ በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናም ቀርቶ በ2008 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ በሆነ ጊዜ እንደ ገና ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ ሰቆጣ ደረሰ፤ ጦርነት ደግሞ እንደ ድርቅ ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚመታ ነው።

ስለዚህ ለዋግ ማኅበራት የሒሳብ ምርመራ ብቻውን አይበቃም። መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን፥ ዩኒየኖችም በፌዴሬሽን እንዲተባበሩ ሕጉ ፈቅዷል፤ ነገር ግን ዩኒየኑ በአንድ ዞን ብቻ ከታጠረ ድርቁ ከማኅበሩ ጋራ ዩኒየኑንም ይዞ ይሄዳል። የዋግ ማኅበራት ገንዘብ ዝናም ከማይጐድልባቸው ከአዊና ከጎጃም ማኅበራት ገንዘብ ጋራ በአንድ የመጠባበቂያ ፈንድ ቢገናኝ ግን፥ በክፉ ቀን የሚደርስለት ይኖራል። የአዊ ባላገር «ስለምን የእኔ ገንዘብ ለዋግ ድርቅ ይከፍላል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። መልሱ የፈንዱ ገንዘብ ስጦታ ሳይሆን ተመላሽ ብድር እንዲሆን፥ የሚወጣበትም መጠንና ጊዜ በሕጉ ላይ ተለይቶ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። መጠኑም በቋሚ የብር ቍጥር ባይጻፍ ይሻላል፤ የ500 ብሩን ነገር ማስታወስ ይበቃል።

ወለድ መቀበልን ሃይማኖቱ የሚከለክለው አባልም እንዳለ መርሳት አይገባም። በሰቆጣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ገበያ ይነግዳል። ለባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በሕግ ከተፈቀደ፥ ለማኅበራቱም በግልጥ ቢጻፍላቸው ብዙ ሰው ይገባል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየዓመቱ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን ይሠራል። ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴውም ሰዎችን ጠርቶ ሐሳባቸውን ይሰማል። የዐዋጅ ቁጥር 985 ማሻሻያ በሚቀርብ ጊዜ ከአዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች ድምፃቸው እንደሚሰማ ጥርጥር የለም፤ የሰቆጣ ድምፅ ግን ካልተላከ አይደርስም። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ረቂቁ በኽምጣኛ ተተርጕሞ በየወረዳው እንዲነበብ ለማድረግ ከዚህ ምክር ቤት የቀረበ የለም። ባላገሩ ሕጉን ከጸደቀ በኋላ ሳይሆን ገና በረቂቅ ሳለ ይስማው። ካህናትም ሰው በሚሰበሰብበት በሰንበቴና በማኅበር ቀን ሊያስረዱት ይችላሉ።

የሚቀረው ጥያቄ የመድኑ መዋጮ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ድኻው አባል ሌላ ክፍያ ቢጨመርበት ከማኅበሩ ይሸሻል። ማኅበር ግን ከዓመት ትርፉ ላይ መጠባበቂያ እንዲያስቀር የኅብረት ሥራ ሕግ ያዝዛል፤ ከዚያ ጥቂት ክፍል ወደ አንድ የጋራ ፈንድ ቢገባ፥ መንግሥትም የመጀመሪያውን መነሻ ቢሰጥ፥ ከአባሉ ኪስ አዲስ ብር ሳይወጣ ሥራው ሊጀመር ይችላል።