ነፃነት ቁልቁል ነበር

ከአዘና ተነስቼ ወደ ምዕራቡ ቆላ በእግር ሰው ስመራ ከሁሉ የምጠነቀቀው ለአቅጣጫው ነው። ብዙ አስጎብኚ ዳገት መውጣት ይመርጣል፤ ጫፍ ላይ ሲደረስ ሰፊ አገር ይታያል፣ ፎቶም ያምራል። እኔ ይህን መንገድ የማስጀምረው ሁልጊዜ ቁልቁል ነው፤ ከባሪያ ፈንጋይ የሚያመልጥ ሰው በዚህ አገር የሚሮጠው ወደ ቆላ ነበርና።

ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖቻችን አሜሪካዊቷን ሃሪየት ተብማንን ያነሱልኛል። እሷ እ.ኤ.አ. በ1849 ከሜሪላንድ ባርነት አምልጣ ፊላደልፊያ ስትገባ ነፃነት ያለው በሰሜን ነበር፤ የእሷ አገር መንገድ ዛሬ ምልክት ተተክሎለት ይጎበኛል። በእኛ በኩል ወደ ሰሜን የሚወስደው የገበያው መንገድ ነበር። ከደቡብ፣ ከእናርያ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ገበያ ይገባ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ መተማ ወይም ወደ ምፅዋ ይዘልቅ ነበር። ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰውም ይነዳ ነበር።

ታች ቆላ የሚኖረውን የጉሙዝን ሕዝብ ለመፈንገል ግን የሩቅ ነጋዴ እስኪመጣ አልተጠበቀም። ፈንጋዩ ከጎረቤት ደጋ ይወርድበት ነበር። የሚወርደውም በበጋ ነበር። ክረምት ወንዙ ይሞላል፣ ሣሩ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ንዳዱ ይነሳል። ያ ሁሉ አልፎ ወንዙ ሲጎድል፣ ሣሩም ሲቃጠል መንደሩ ከሩቅ ይታያል። ያኔም ቢሆን ፈረሰኛው ብዙ ርቆ አይገባም፤ ከብቱን ገንዲ፣ ራሱን ንዳድ ይፈጀዋል። ለደገኛው ሞት የሆነው ሙቀት ለተሳዳጁ ምሽግ ሆነ ማለት ነው። ጉሙዝ ከደጋው ጠርዝ እየሸሸ ወደ በለስና ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደው፣ ከፊሉም ሱዳን የገባው በዚህ ሳቢያ ነው። ጥላ በሌለበት ቁልቁለት ላይ «እዚህ በረሃ ሰው እንዴት መኖር መረጠ?» ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። መልሱን የምሰጠው እዚያው ፀሐይ ላይ ነው፤ አሳዳጅ ነው ያስመረጠው። እኛ ለእግር ጉዞ የምንወደው ወር፣ ጥርና የካቲት፣ እነሱ ልጆቻቸውን የሚደብቁበት ወር ነበር።

ተማሪዎች ይዤ ስወርድ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። «ጋሼ፣ የእኛ የአገው ሰዎች ከየትኛው ወገን ነበሩ?»

«ከሁለቱም» እላቸዋለሁ። የአፄ ሠርፀ ድንግልና የአፄ ሱስንዮስ ዘመቻዎች አገውንም ጉሙዝንም መትተዋል፤ ከአገውም የተማረከ አለ። በኋላ ግን የአገው ምድር ገዥዎች ከጉሙዝ ግብር ሲቀበሉ አንዳንዴ የሚቀበሉት ሰው ነበር። የፈረሰኛ አገር ነን፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በፈረሶቻችን ስንኮራ ደስታዬ ወሰን የለውም። ያው ፈረስ ለፍንገላም መውረዱን መናገር ኩራቴን አይቀንስብኝም። ይህ እንዳይነገር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል፤ «ልጆቹን ታሸማቅቃለህ» ይለኛል። ልጆቹ ግን የሚሸማቀቁት ስንዋሻቸው ነው።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ባሪያን ነፃ የሚያወጣ ሕግ ታወጀ። ባርነት ጨርሶ የተከለከለው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ አዋጆች መካከል ያለው 18 ዓመት ለጉሙዝ እናት ረጅም ነበር፤ በወሰኑ ላይ ፍንገላው አልቆመም ነበርና።

በዚሁ ቆላ፣ መተከል ውስጥ፣ ብዙ ንጹሕ ሰው ካለቀበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ተጓዦቼን ታች ድረስ አልወስድም። ስለዚህ የምተርከው የታሪኩን የላይኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ተሳዳጆቹ የት አደሩ፣ ምን በሉ፣ ልጅ አዝለው ወንዙን እንዴት ተሻገሩ የሚለውን የሚያውቁት የታች ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱን ወክዬ አልናገርም። የምመኘው መንገዱ ሰላም ሲሆን ከሁለቱም ወገን አስጎብኚዎች አብረው እንዲሠለጥኑ፣ ከቆላው መጀመሪያ ጀምሮ መሪው ጉሙዝ እንዲሆን፣ ተጓዡ የሚከፍለውም ገንዘብ እኩል እንዲካፈል ነው። ለዞኑም ለወረዳውም ባለሙያዎች ባገኘኋቸው ቁጥር የምለው ይህንኑ ነው።