ሆርሞን የማያመነጭ የፒቱታሪ እብጠት በልጆች ላይ

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ በስተኋላ የምትገኝ የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ ናት። የቁመት እድገትን፣ ጉርምስናን እንዲሁም የታይሮይድንና የአድሬናልን ሥራ ትቆጣጠራለች።

በእሷ ላይ የሚወጣው አዴኖማ የተባለ እብጠት በልጆች እምብዛም አይታይም። ሲታይም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ፕሮላክቲን ያለ ሆርሞን አብዝቶ የሚያመነጨው ዓይነት ነው። ሆርሞን የማያመነጨው በአብዛኞቹ ጥናቶች ከ10 በመቶ በታች ነው።

ይህኛው ዓይነት ግን ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። ምልክት የሚያሳየው አጠገቡ ያለውን መጫን ሲጀምር ነው። ከበላዩ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ይገናኛሉ፤ እነሱ ሲጫኑ ልጁ ፊት ለፊቱን እያየ ግራና ቀኙ ይሰወርበታል። የበር መቃን ይገጫል፤ ከጎን የመጣች ኳስ ታመልጠዋለች። ዕጢዋ ራሷ ስትጨፈለቅ ደግሞ የእድገት ሆርሞን ያንሳል፤ የአምናው ሱሪ ዘንድሮም ልኩ ይሆናል፣ ጉርምስናም ይዘገያል።

በልጆች ከአዴኖማ ይልቅ በዚህ አካባቢ የሚበዛው ክራኒዮፋሪንጂዮማ የተባለ ሌላ እብጠት ነው። እሱም ሆርሞን አያመነጭም፤ በተለይ ከ5 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ይታያል። ካንሰር ባይሆንም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙዎቹ ልጆች ምትክ ሆርሞን ዕድሜ ልክ ይወስዳሉ።

የማይለቅ ራስ ምታት ከእይታ መቀነስ ወይም ከቁመት መቆም ጋር ሲመጣ ሐኪሙ ኤምአርአይ፣ የእይታ መስክ ምርመራና የሆርሞን የደም ምርመራ ያዛል።