ሌሊት የሚያዳምጡ ተማሪዎች

ወላጅ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚሰድበት ጊዜ ስለ ልብሱ፤ ስለ ስንቁና ስለ ማደሪያው አጥብቆ ያስባል። ስለ ሌሊቱ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ቀን ከትምህርቱና ከጓደኞቹ ጋራ የዋለ ወጣት ሌሊት ብቻውን በተቀመጠ ጊዜ የፈተናው ፍርሀት፤ የቤቱ ናፍቆት፤ «ወላጆቼን አሳፍር ይሆን» የሚለው ሐሳብ ተባብረው ይመጡበታል። በዚያን ሰዓት መምህሩም ሐኪሙም ተኝተዋል። ለአባቱ እንዳይነግር የደከመለትን ድካም ያውቃልና ያፍራል። ስለዚህ ከቤቱ በስልክ ሲጠይቁት «ደኅና ነኝ» ብሎ ይመልሳል።

በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ፤ ይህን ያስተዋሉ ሰዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ተማሪ ተማሪን የሚያዳምጥበት የሌሊት ስልክ አቆሙ። ስሙንም ናይትላይን አሉት፤ የሌሊት መሥመር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በብሪታንያና በአየርላንድ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉት። በስልክ የተጀመረው ሥራ ዛሬ በኢንተርኔት በጽሕፈትም ይደረጋል።

አዳማጮቹ ደመወዝ የማይቀበሉ ተማሪዎች ናቸው፤ አስቀድመውም የማዳመጥን ሥራ ይማራሉ። ጠሪው ስሙን አይጠየቅም። አዳማጩም በብዙ ስፍራ ይህን ሥራ መሥራቱን ለቅርብ ባልንጀራው እንኳ አይገልጽም። የሰሙትን ምሥጢር ይጠብቃሉ፤ በማንም ላይ አይፈርዱም። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ምክር አለመስጠታቸው ነው።

ይህን በሰማን ጊዜ «ምክር የማይሰጥ ወዳጅ ምን ይረባል?» ብለን ነበር። እኛ በምክር ያደግን ሰዎች ነንና የተጨነቀ ሰው ስናይ ነገሩን ሳይጨርስ «አይዞህ፤ እንዲህ አድርግ» ማለት ይቀናናል። በመረመርነው ጊዜ ግን ምክንያቱን አገኘነው። ጭንቀቱን መናገር የጀመረ ሰው ምክር ቀድሞ ከመጣበት፤ ምክሩ መልካም ቢሆንም እንኳ፤ አፉን ይዘጋል፤ የባሰው ነገር በሆዱ ይቀራል። አዳማጩ ግን «ከዚያስ ወዲህ?» «ያን ጊዜ ምን ተሰማህ?» እያለ ይጠይቃል። ተናጋሪውም የተደባለቀበትን ነገር በቃል ሲያወጣው እርሱ ራሱ መለየት ይጀምራል።

በጽሕፈት የሚደረገው የራሱ ጥቅምና ችግር አለው። እንባ የሚያንቀው፤ ወይም አብሮት የሚያድረው ጓደኛ እንዳይሰማው የሚፈራ ተማሪ፤ መናገር ባይችል መጻፍ ይችላል። ነገር ግን አዳማጩ ድምፅ አይሰማምና ዝምታው ልቅሶ ይሁን አሳብ አያውቅም፤ ታግሦ መጠበቅና ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል።

በዚያው አገር በ2007 ዓ.ም. የተጀመረውና በ2020 ዓ.ም. ቱጌዘርኦል የተባለው ድርጅት ሌላ ዐይነት ነው። በዚህ ብዙ ሰዎች በተውሶ ስም እርስ በርሳቸው ይጻጻፋሉ፤ የሠለጠኑ ባለሙያዎችም የሚጻፈውን ቀንና ሌሊት ይጠብቃሉ። ጥበቃው ባይኖር እኛ እንፈራ ነበር፤ ያዘነ ሰው ካዘነ ጋራ ብቻ ቢነጋገር ኀዘኑ ሊበረታ ይችላልና።

እኩያ ጓደኛ የሐኪምን ስፍራ ይይዛል ማለታችንም አይደለም። ለብዙ ቀን እንቅልፍና ምግብ የራቀው፤ ይልቁንም ሞቱን የሚመኝ ወጣት፤ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት ይገባዋል።

«ልጄ ለማያውቀው ሰው የነገረውን ለእኔ ስለ ምን ደበቀኝ?» ብሎ የሚቀየም ወላጅ ይኖር ይሆናል። የማያውቀው ሰው ተስፋውን አልጣለበትም። ወላጅ ግን ስለሚወድ ይደነግጣል፤ ልጁም የሚፈራው ይህንኑ ድንጋጤ ነው።

አዳማጮቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሁነው ያድራሉ። ሲነጋም ስልኩን ዘግተው እንደ ሌላው ተማሪ ወደ ትምህርታቸው ይሄዳሉ። ከጎናቸው የተቀመጠው ጓደኛ ሌሊት ሲጽፍላቸው ያደረው እርሱ ይሁን አይሁን አያውቁም።